ለቆላው መንገድ የሚሆን ጎማ

ባሌ ጎማ መምረጥ ከጀመረ ሰነባብቷል። ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም፤ እኔን ባየኝ በሳምንቱ ነው ላግባሽ ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን የምትኖረው ቆላ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። «አባዬ ነድቶ ያምጣሽ፤ ሁለታችሁንም ነው የምፈልገው» አለችኝ በስልክ። አባትየው ደግሞ ካለፈው በጋ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ወደ እሷው ስንወርድ የፊት ጎማ ፈነዳና መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ማሳ ውስጥ ቆመች። ሁለታችንም ጭረት እንኳ አላገኘንም። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር የነበረው ሰውዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን አጥቦ፣ ሸራ አልብሷት ይገባል እንጂ አይነዳትም። «አውቶቡስ አለልሽ» ይለኛል። አውቶቡስ መኖሩንማ እኔም አውቃለሁ።

ስጨቀጭቀው «ለበጋ የሚሆን ጎማ ካገኘሁ እነዳለሁ» አለ። ከዚያ ያልረገጠው ሱቅ የለም። የአንዱ ጥርሱ አጭር ነው፣ የአንዱ ጎኑ ስስ ነው፣ የአንዱ ደግሞ ሽታው አላማረውም። እኔ ሞኝ አይደለሁም። ሰውዬው ጎማ የሚፈልገው እንዳያገኝ እየጸለየ መሆኑ ሲገባኝ፣ አንድ ቀን ጫማዬን አጥልቄ አብሬው ወጣሁ።

የገባንበት ሱቅ ጎሚስታ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ባሌ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወደተደረደሩት ጎማዎች ሄዶ አንዱን በእግሩ መታ፣ ሌላውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጫነ፤ በመጨረሻም ከሁሉ ወፍራሙን፣ በጥርሶቹ መሃል ጣት የሚያስገባውን ያዘ።

«ጎማ ማለት ይሄ ነው» አለ።

«የት ሊሄዱበት ነው ጋሼ?»

«ቆላ።»

«እንግዲያው ይተዉት። እሱ የክረምት ነው፣ ለጭቃ። ለስላሳ ስለሆነ የጋለ አስፋልት ላይ ይብሱን ይላላል፤ ፍሬን ሲይዙም ቶሎ አይቆምልዎትም።» ጥርሱ አጠር፣ ላስቲኩ ጠንከር ያለ ሌላ ጎማ አንከባሎ አመጣ። «የበጋው ይሄ ነው። ሙቀት ይችላል።»

ባሌ ጥፍሩን ተጫነበት። «ድንጋይ ነው» አለና ወደ በሩ ዞረ። ወይ አበሳዬ፣ ሌላ ሱቅ ልንሄድ ነው አልኩ በሆዴ። አላስቻለኝም።

«አምና ፈንድቶበት ነው ወንድሜ» አልኩት ጎሚስታውን። «የፊት ጎማ። ማሳ ውስጥ ገባን።»

ባሌ ገላመጠኝ። ጎሚስታው ግን ምንም አልመሰለውም። «ቁልቁለቱ ላይ ነው? ከላይ ቆመው ንፋስ ቀንሰው ነበር?»

«እንዴታ። ሙቀት ሲነካው ያብጣላ። አባቴም ሲቀንስ ነው የኖረው፤ ለስንቱ ሾፌር ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም ስነዳ እቀንስ ነበር፤ ሁላችንም። ግን ንፋሱ ሲያንስ ጎማው በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ነው የሚያግለው። ከፀሐዩ ይብሳል። ያፈነዳብዎት እሱ ነው።»

ተዋረድኩ ብሎ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ባሌ የተደራረበ ጎማ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«እጄ አልነበረም ማለት ነው?»

«የምን እጅ?»

«አርጅቼ፣ እጄ ዘግይቶ መስሎኝ ነበር። በገዛ እጄ ልገድላት ነበር እያልኩ።»

«እንዴ ጋሼ። የፊት ጎማ ፈንድቶ መኪናዋ ሳትገለበጥ ያቆማት ማን ሆነና? እጅዎ ነው እኮ።»

ለካስ ዓመት ሙሉ ይሄን ታቅፎ አብሮኝ ሲበላ፣ አብሮኝ ሲተኛ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ግትርነት ነው ብዬ ስነዘንዘው። ሰው ጥፋቱ ተነግሮት ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ድንጋይ ነው ያለውን ጎማ በመኪናዋ አራቱም እግር አስገጠመ።

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ራሱ ገፈፈና ወጣን። መጀመሪያ መሪውን አንቆ ነበር የያዘው፤ ከከተማው ስንወጣ እጁ ላላ አለ። የቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ሾፌሮች ሁሉ ንፋስ የሚቀንሱበት የዛፍ ጥላ ጋ ስንደርስ ግን ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ የፊተኛው ጎማ ሥር ቁጢጥ አለ። በመስኮት ሳየው የንፋስ ማስገቢያዋን ክዳን ፈትቶ ይዟታል። ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ሾፌርም ጎማውን እያስተነፈሰ ነው፤ ፉጨቱ ይሰማኛል። አፌን ይዤ ተቀመጥኩ፤ እኔ አፌን ስይዝ ደግሞ ብርቅ ነው።

ባሌ ወደ ፉጨቱ ዞሮ አየ። ከዚያ ክዳኗን መልሶ አጠበቃት፣ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ጭነት መኪናው ሄዶ ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አደረገው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ፉጨቱ ግን ቆመ።

ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። «ደውይላት» አለኝ። «አባትሽ እየነዳ ነው በያት።»

ደወልኩ። ስታነሳው እንባዬ ስለቀደመኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት።

«መጣሁ ልጄ» አላት፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ወደ ቁልቁለቱ ገባን።