የኡሙልኸይር አሳ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ የሆነውን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ሃይስኩል ስለጨረስን ያ የትምህርት ቤቶች የአሳ ማጥመድ ውድድር ለእኔና ለጓደኛዬ ለኡሙልኸይር የመጨረሻችን ነበር። አንደኛ የወጣ ብቻ ነው ለስቴቱ ፍጻሜ የሚያልፈው። ጀልባውን ትልቅ ሰው መንዳት አለበት፣ ሶ አባዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣልን።

ባስ የሚባለው አሳ ደግሞ መራጭ ነው! ጠዋት በሚያብረቀርቅ ማጥመጃ ሞክረን እምቢ አለን። ከዚያ ኡሙልኸይር ቡናማ የላስቲክ ትል አሰረችና አምስት ያዝን። አንዱማ ትልቅነቱ ጉድ ነው! የያዝነው ሁሉ ከነነፍሱ ተመዝኖ ክብደቱ ይደመርና ተመልሶ ሐይቅ ነው የሚገባው፤ የሞተ አይቆጠርም። ይሄን ለአባዬ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ዳር ደርሰን የመመዘኛውን ከረጢት ልናመጣ ሄድን። ስንመለስ አባዬ ትልቁን አሳ ሆዱን አጽድቶ በረዶ ላይ አስተኝቶታል።

"ኡሙዬ፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለማትበዪ ሁሌ ሽሮ ነው የምናቀርብልሽ። ዛሬ ግን አሳ እጠብስልሻለሁ!" አላት፣ ፊቱ በርቶ።

የቀሩትን አራቱን አስመዘንን። በትንሽ ተበልጠን ሁለተኛ ወጣን።

አባዬ ጀልባውን ሲያስር ወደ ኡሙልኸይር ጠጋ ብዬ፣ "ያ አሳ ቢኖር እናልፍ ነበር። ልንገረው እንዴ?" አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦

"ምንም እንዳትነግሪያቸው! ማሸነፍማ እኔም ፈልጌ ነበር፣ ግን እናንተ ቤት ስመጣ ምን እንደምበላ ሲያስቡ የከረሙት እሳቸው ናቸው። ይልቅ ቃሪያ ይብዛበት በያቸው።"