ፍላሽ አብራ፣ አለቀ

«ዓሦቹ የታሉ? እኔን ነው እንዴ ያነሳኸኝ?» አሉ አክስት፣ አንገታቸውን አስግገው የካሜራውን ጀርባ እያዩ።

እውነታቸውን ነው። ካሜራው ላይ የሚታየው የአክስት ፊት ከነመነጽራቸው፣ ከኋላቸው መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የለቀስተኛው ወንበር ነው። የገንዳው መስታወት ቤቱን ሁሉ መልሶ ሲያሳይ፣ ዓሦቹ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ እድፍ መስለው ቀርተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሽራና ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ በሟች ወንድሙ ሳሎን፣ በለቅሶው በአራተኛው ቀን፣ አንድ የዓሣ ገንዳ አቃተው።

ነገሩን ያመጣችው የወንድሙ ሚስት ናት። ጠዋት እንግዳው ጋብ ሲል አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ፎቶዬ» አለችው። ዘመድ ሁሉ በሥራው ነው የሚጠራው። «አሥር ሰዓት ላይ የጋሼህ ወዳጅ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ መጥቶ ገንዳውን ይወስደዋል። እሱም የባሕር ዓሣ ያረባል፤ ያውቅበታል። እኔ ጨው መመጠን፣ ፓምፕ ማጠብ አልችልም። ዓይኔ እያየ ካለቁብኝ ሁለተኛ ሐዘን ነው።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ግን ሙሉውን አንሳልኝ። እሱ ያነሳቸው ሁሉ ጥፍር ጥፍር የሚያህሉ ናቸው፤ የአንዱ ዓሣ ዓይን፣ የአንዱ ኮራል ጫፍ። ሙሉውን ‹ትንሽ ይደጉ› እያለ አቆየው። ሳይበተን፣ እሱ እንደተወው አንሳልኝ።»

«እታለም፣ ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አላት።

ደቂቃዋ ሁለት ሰዓት ሆነች። ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት ሲጨምር ሥዕሉ ጨለመ፤ ሲቀንስ ዓሦቹ ጭራ አበቀሉ። እንደ አበባ ከድንጋዩ ላይ የበቀሉት ኮራሎች ውሃው በገፋቸው ቁጥር ስለሚወዛወዙ አንዳቸውም ጥርት አላሉም። የገንዳው መብራት ደግሞ ቀዩንም ቢጫውንም ሰማያዊ አድርጎታል።

«ሰው ብታነሳ አይሻልህም? ሰው ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል» አሉ አክስት፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ያልሞከረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍላሹ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ አልነካውም። ሦስቱን ቀን ለገንዳው ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠውም በዚሁ በፍላሽ የተነሳ ነው።

ነገሩ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ታላቅ ወንድሙ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ቀን የሰው ቤት ውሃ ሲያስቆም ውሎ፣ ማታ የራሱን ውሃ ሲያዞር የሚያመሽ። አንድ ቀን ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ፎቶ ቤቱ መጣ። ቤቱ በሙሽራና በሚዜ ጢም ብሏል።

«ዓሦቼን ላነሳ ፈልጌ፤ እንዴት ነው የማነሳቸው?» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ፎቶ አንሺው ሚዜዎቹን በዓይኑ ጠቀሰና «ፍላሽ አብራ፣ አለቀ! ደግሞ ፈገግ በሉ በላቸው» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፍላሽ ፊት ለፊት መስታወት ላይ ሲበራ መልሶ ዓይን ከማጥፋት በቀር ምንም እንደማያሳይ አሳምሮ ያውቃል። ታላቁ ግን ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጻፈው።

በሳምንቱ አሥራ ሁለት ፎቶ ይዞ ተመለሰ። በአሥራ ሁለቱም ላይ መሃል ለመሃል ነጭ ብርሃን ፈንድቷል። ፎቶ አንሺው አንዱን «የፀሐይ ግርዶሽ» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈውና ስንቱን ደንበኛ አሳቀበት። ታላቁም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ፎቶ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ፣ ዛሬ ልጠይቅ፣ ነገ ልጠይቅ ሲል ስምንት ዓመት አለፈ። ተቀይሞኝ ሞቶ ይሆን? ይህንን ማወቅ ፈለገ፤ ማወቁንም ፈራ።

«እሱ እንኳ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው» አለች ሚስቲቱ፣ ጭንቀቱን አይታ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ውሃ የነካው፣ ጠርዙ የተጣመመ ደብተር አውጥታ ሰጠችው። ከፊት በኩል የቧንቧ ልክ ነው። ከኋላ ሲገለጥ ፎቶ ይጀምራል።

ፎቶ አንሺው ስሙን እንዳያገኝበት እየፈራ ገለጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙ የለም። «መጋረጃ ዝጋ፣ የቤቱን መብራት አጥፋ። አለዚያ መስታወቱ ሶፋውን ነው የሚያሳየኝ» ይላል።

ተነስቶ መጋረጃውን ዘጋ፤ መብራቱን አጠፋ።

«ምነው፣ መብራት ሄደ?» አሉ አክስት።

«አይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይታገሡኝ።»

በገንዳው ብርሃን ማንበቡን ቀጠለ። «ጥቁር ሸሚዝ። በነጩ ሳነሳ ሆዴ ከዓሦቹ ጋር ይዋኛል።»

ሚስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ለካ ለዚህ ነው! ጥቁር ለብሶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ‹ሐዘን አትጥራብኝ› እያልኩ ስንቴ ተጣላሁት! ‹ሥራ ላይ ነኝ› ይለኛል እንጂ መቼ ነገረኝ።» ዛሬ ጥቁር ያልለበሰ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። እሷ እየሳቀች አለቀሰች።

ፎቶ አንሺው ገጽ በገለጠ ቁጥር ወደ ደብተሩ ይበልጥ ይጎነበሳል። «ከመስታወቱ ፊት ቀጥ ብለህ ቁም፤ ጠመም ካልክ ይደበዝዛል።» «ነጭ ሳህን ውሃው ውስጥ ከተህ አንሳና ለካሜራው ነጭ ማለት ይሄ ነው በለው፤ ሰማያዊው ይለቀዋል።» «ፓምፑን አጥፋ፤ ኮራሎቹ ይቆሙልሃል። አሥር ደቂቃ ብቻ፣ አለዚያ ዓሦቹ ይታፈናሉ! ሰዓት ያዝ።» ታላቁ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀይረው፤ የሚያፈሰው የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ እንደሚፈልግ ሰው። ፎቶ ቤት ውስጥ ሰውን አዙሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ የሚያነሳ ሰው ይህን ሁሉ አስቦት አያውቅም።

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረው?» አለ ጮክ ብሎ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ። «አክስቴ፣ እስቲ ነጭ ሳህን ያቀብሉኝ!»

ሳህኑን አስገብቶ አነሳ። ቀዩ ቀይ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ እንደ አዲስ ሠራተኛ ልቡ ዘለለ። ሌላ ገጽ ገለጠ፤ እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

«ወንድሜ ፍላሽ ብሎኛል። ከፊት፦ ነጭ።»

«ከጎን፦ ነጭ፤ ግን ያነሰ።»

«በሶፍት ሸፍኜ፦ ጭጋግ።»

«ወንድሜ ዕድሜውን የሠራበት ነው፤ አይሳሳትም። እኔ ያልገባኝ ነገር አለ።»

አሥራ አንድ ገጽ እንዲህ ነው። ቀኖቹን ቆጠረ፤ አሥራ አራት ወር። በመጨረሻው ገጽ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኖ ተጽፏል፦

«ከላይ! ፍላሹን ከካሜራው ነቅዬ ከውሃው በላይ ሰቀልኩት፣ ፊቱን ወደ ታች። ፀሐይ ባሕር ላይ የምትወርደው ከላይ አይደል? ወጣልኝ። ወንድሜ ትክክል ነበር። ከየት በኩል ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው።»

ፎቶ አንሺው ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

«እታለም፣ እኔ እኮ ለቀልድ ነው ያልኩት። ሰው ፊት ላስቅበት ብዬ ነው።»

ሚስቲቱ ደብተሩን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ እንባውን ከላዩ ጠረገች።

«ለቀልድ የወረወርከውን ቁም ነገር አድርጎልሃል፤ እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ» አለች። ቀጥላም «ይልቅ ያ ከላይ የሚሰቅልበት ምን ይሆን? ከገንዳው ጀርባ አንድ የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ጃንጥላ እሰቅልበታለሁ» አለች።

ቧንቧው መጣ። ሁለት ክንድ የሚያህል ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ አንደኛው ጫፉ በገንዳው ጠርዝ ልክ ተቆርጧል፣ ሌላኛው ፍላሽ እንዲይዝ ተፈልፍሏል። ፎቶ አንሺው ፍላሹን ከቦርሳው አውጥቶ ሰካው። ቀጭ ብሎ ገባ፤ ቧንቧውን ገንዳው ጠርዝ ላይ ሰቀለው።

ፓምፑን አጠፋ። አክስት ሳይታዘዙ ሰዓታቸውን ፊታቸው ላይ ደቀኑ። ውሃው ረጋ፤ ኮራሎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ጥቁር የለበሰው ሁሉ በጨለማው ውስጥ ወደ ገንዳው ተጠጋ። ፎቶ አንሺው ከመስታወቱ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ፤ ብርሃኑ ከላይ ወረደ።

በአንድ ጊዜ ወጣ። ወይን ጠጁ ኮራል፣ እንደ ጎመን የተዘረጋው አረንጓዴ፣ በመሃላቸው ነጭ መቀነት የታጠቀችው ብርቱካናማ ዓሣ፣ ታች አሸዋው ላይ የሁሉም ጥላ። መስታወቱ ላይ ሰው የለም።

«አሁን ዓሦቹ መጡ!» አሉ አክስት። «ስድስት ደቂቃ ሆኗል።»

ሚስቲቱ ካሜራውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። «ይህን ሁሉ ዓመት ከገንዳው ጋር ስኖር ይቺን ትንሿን ከኋላ አላየኋትም ነበር» አለች፣ ድንጋይ ሥር የተደበቀች፣ ሽሪምፕ የምትባል ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት በጣቷ እያሳየች። ከዚያ ደንገጥ ብላ «ፓምፑ!» አለች፤ ፎቶ አንሺው ሮጦ አበራው።

የጥርስ ሐኪሙ በሰዓቱ ባልዲዎቹን ይዞ ደረሰ። ለሚስቲቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ አጽናናት፤ ካሜራና ፍላሽ ሲያይ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ።

«እርስዎ ነዎት ወንድሙ? ሳላገኝዎት ኖሬ! እኔን እኮ ፎቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ባመሰገንኩት ቁጥር ‹ወንድሜ የነገረኝን ነው› ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

ፎቶ አንሺው ደብተሩን ገለጠ። ማሰሪያው ውስጥ የተሰካች አጭር እርሳስ አለች፤ ጫፏ በጥርስ ተበልታለች። በታላቁ የመጨረሻ መስመር ሥር ቀኑን ጻፈ፤ ቀጥሎም «ሙሉው ገንዳ። ፍላሽ ከላይ። ጋሼ ነው ያስተማረኝ» ብሎ ጻፈ።

እርሳሷን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ባልዲ ሊይዝ ተነሳ።