ያሸነፈ ጠረጴዛውን አይለቅም

ቤጂንግ ስንት ሚሊዮን ሕዝብ እንዳላት መንግሥት ያውቃል፤ ስንት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ እንዳላት ግን ከፋን ደሊን በቀር የሚያውቅ የለም። በየትኛው ሰፈር የሲሚንቶው ጠረጴዛ ጥጉ እንደተሸረፈ፣ በየትኛው መናፈሻ የጠዋት ፀሐይ ዓይን እንደምታጠፋ፣ በየትኛው ድልድይ ሥር መረቡ ተሰርቆ ጡብ እንደተደረደረ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። እነዚያ ሁሉ ጠረጴዛዎች ላይ ተጫውቷል። ማሸነፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። ሴት ልጁ ሩዪን አንድ የቲያንጂን ከተማ ልጅ ልታገባ ተስማምታለች፤ የልጁ አባት ሉዋን ጂዬፉ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በብስክሌት ፋብሪካ የሠራ፣ ድምፁ እንኳ በስልክ ሲመጣ ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ትሑት ሰው ነው። ሰላምታው ሲያልቅ፣ እሱም አልፎ አልፎ ኳስ እንደሚመታ አፍሮ ተናገረ። ይኼኔ የፋን ምላስ ልጓሟን በጠሰች። በእኛ መናፈሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዬ ያስነሳኝ ሰው አልተፈጠረም አለ።

ሩዪን አጠገቡ ተቀምጣ የፒር ፍሬ እየላጠች ነበር። ቢላዋዋ ቆመች። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ እጮኛ ነበራት፤ ፋን ለእጮኛዋ ወላጆች ጋራዡን ቀጥ አድርጎ የሚያስተዳድረው እሱ እንደሆነ አወራላቸው። ሰዎቹ አንድ ቀን ሳይነግሩት መጥተው ከአውቶቡስ ሥር ሁለት እግሩን ብቻ አገኙ። ጋብቻው እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አንዲት ትርፍ ቃል እንዳይናገር አስምላው ነበር።

«አባዬ፣» አለችው ስልኩ ሲዘጋ፣ «ይኼኛውም ከፈረሰ እኔ ከእንግዲህ ሰው ይዤ እዚህ ቤት አልመጣም።»

ሉዋን ግን ቅዳሜ መጥቼ አብረን እንጫወት ብሎ ቀጠሮ ይዟል።

ፋን ሦስት ሌሊት አሰበ። የደረሰበት ዘዴ ለጦር ኮሌጅ የሚበቃ ነው፤ እንግዳውን የከተማዋን ጠረጴዛ ሁሉ ማዞር፣ እሱ ከሚታወቅበት ከአንዱ በቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ሉዋን ከባቡር ወረደ። አዲስ ካፖርት ለብሷል፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ የፍራፍሬ ካርቶን ይዟል፣ ራኬቱን ሚስቱ በሰፋችለት የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥሏል። ወቅቱ የመከር መጨረሻ ነበርና መጀመሪያ የሄዱበት የሰፈር ጠረጴዛ ላይ ለብርዱ ወራት የተገዛ ጎመን ተቆልሏል፤ ከዚያ ክምር ጀርባ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አይታይም። ሁለተኛው ላይ አንዲት ሴትዮ የቤተሰቡን ብርድ ልብስ በሙሉ ዘርግታ ፀሐይ ታስመታለች፤ እንድታነሳላቸው ፋን ሲለምናት ያየችው አስተያየት ጎመኑን ያበስል ነበር። ቦዩ ዳር ያለው ባዶ ነበር፣ ነገር ግን ሉዋን ገና የመጀመሪያውን ኳስ ሲለጋ የሰሜን ነፋስ ተቀብሎ ወደ ደቡብ ባሕር ይዟት ሄደ። ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ደግሞ አሠልጣኝ በተቀጠረላቸው ሕፃናት እስከ ፀደይ በዓል፣ እስከ ዘመን መለወጫው ድረስ፣ ተይዟል።

ፋን በልቡ እያንዳንዱን ጎመን አመሰገነ። አሁን ምሳ በልተው ቀኑ ይመሻል ብሎ ሲያስብ ሉዋን ቀስ ብሎ ክንዱን ያዘው።

«አማቼ፣ ለእኔ ብለው ይኼን ያህል አይድከሙ። እርስዎ ወደሚጫወቱበት ወደ ራስዎ መናፈሻ እንሂድ። ጥግ ቆሜ ባይዎት ይበቃኛል።»

ማምለጫ አልነበረም።

የፋን መናፈሻ ሕግ አንድ ብቻ ናት። ጨዋታው እስከ አሥራ አንድ ነው፤ ያሸነፈ ጠረጴዛውን አይለቅም፤ የተሸነፈ ራኬቱን አንስቶ አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ራኬቶች መጨረሻ ያስቀምጣል፣ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ፋን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአግዳሚውን ቀለም በሱሪው ጨርሶታል። የጠረጴዛው ንግሥት እትዬ ፓንግ ናት፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። ራኬቷ ረጃጅም የጎማ ጥርስ አለው፤ ከእሱ የምትወጣ ኳስ በአየር ላይ ሐሳቧን ሦስት ጊዜ ትቀይራለች። ፋንን ለማሸነፍ የሚፈጅባት ጊዜ የፔርሙዝ ክዳን ለመክፈት አይበቃም።

እትዬ ፓንግ ከሩቅ አየቻቸው። አዲሱን ካፖርት አየች፣ ቀዩን ካርቶን አየች፣ የፋንን አመድ የመሰለ ፊት አየች። እዚያ መናፈሻ የሩዪንን የፈረሰ ጋብቻ የማያውቅ ዛፍ እንኳ የለም። ዞር ብላ ለተሰለፉት አንዲት ነገር ሹክ አለች፤ መናፈሻው በሙሉ ተጠቃቀሰ።

«መጣህ ወይ ሻምፒዮናችን፣» አለች ጮክ ብላ፣ «ሳምንቱን ሙሉ አንተን ፈርተን እንቅልፍ አጣን እኮ።»

ፋን እያላገጠችበት መሰለው። ራኬቱን ተቀብለው ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ አስቀመጡት፤ የሉዋንን ደግሞ አምስተኛ አደረጉለት። ከዚያ ጨዋታ ተጀመረ። አንድ የቀድሞ ባቡር ነጂ፣ ምቱ እንደ ባቡሩ የሚያስፈራ፣ ኳሱን አሥር ጊዜ መረብ ላይ ጣለ። አሥራ አንድ ለአራት። ቀጥሎ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ገባች። አሥራ አንድ ለአምስት። እውነቱን ለመናገር ፋን እስከዚህ ድረስ የገባው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም በሃምሳ አራት ዓመቱ ተሰጥኦው አሁን የበሰለ መስሎት አንገቱን አቀና። ሦስተኛዋ ጠረጴዛውን በፈቃዷ ለቅቃ የተሰለፈችው እትዬ ፓንግ ነበረች። አንዲት እንቅልፋም ኳስ ላከባት፣ ቀንድ አውጣ የሚመልሳት ዓይነት። እትዬ ፓንግ በስንዝር ሳተቻት፣ ወገቧንም ያዘች።

ያኔ ገባው። ፊቱን ሊያድኑለት እየተሸነፉለት ነው።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ዓይኑ ወደ ሉዋን ሄደ። ሰውዬው ራኬቱን ከሰልፉ አንስቶ ወደ ከረጢቱ እየመለሰ ነው። ከዚያ ዛፉ ሥር ሄዶ ሚስቱ ጋ ደወለ። ነፋሱ ቃላቱን አንድ በአንድ ለፋን አመጣለት።

«አይሆንም እናቱ፣ ከእኛ ጋር አይመጣጠኑም... በዓይኔ አየሁ አልኩሽ እኮ፣ ከተማው ሙሉ ይሰግድለታል... አዎ፣ ለልጁ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪው።»

ባለፈው ጊዜ የፋን ውሸት ስለተያዘ ሩዪን ጋብቻ አጣች፤ ዘንድሮ ደግሞ ስላልተያዘ ልታጣ ነው። መውረድ አለበት፤ ያሸነፈ ግን አይወርድም። ስለዚህ ለመሸነፍ ሞከረ፣ እሱ በሕይወቱ ሳይሞክር የሚሳካለትን ነገር። ቀጣዩ ተጫዋች ሲገባ ኳሱን አንስቶ ዛፍ ላይ ሰቀለው።

«ጠርዝ ነክታ ነው የሄደችው፣» አለ ተጫዋቹ ረጋ ብሎ፣ «ነጥቡ ያንተ ነው።»

አሥራ አንድ ምስክር ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛዋን ኳስ ወደ ዳክዬዎቹ ኩሬ ላካት። እሷም ጠርዝ ነክታ ነበር። ያን ቀን ያ ጠረጴዛ ጠርዝ እንጂ መሐል አልነበረውም። አሥራ አንድ ለዜሮ አሸነፈ፣ ላቡ ጫማው ውስጥ ገባ።

«እትዬ ፓንግ፣ ነይ ግቢ፣» አለ፣ «ሰልፉን ተይው።»

ጠጋ ብላ አንሾካሾከችለት፦ «ዝም ብለህ አሸንፍ እንጂ አንተ ሞኝ፣ ሰውዬው እያየ ነው።»

የምርሽን ተጫወቺ ብሎ ለመናት፤ አሻፈረኝ አለች። ለእንግዳ ሲባል አንድ ጊዜ የተሰጠ ውለታ አይመለስም። ፋን ሌላ መንገድ አልታየውም። ድምፁን መናፈሻው ሁሉ እንዲሰማው አደረገ።

«ድሮም የምታሸንፊው በዚያ ጥርሳም ራኬትሽ ነው። ማበጠሪያ ነው እንጂ ራኬት አይደለም። አሁን ደግሞ እጅሽም አርጅቷል፣ ትኬት ለመቁረጥም አይበቃም።»

እትዬ ፓንግ ሹራቧን አወለቀች፣ አጠፈችው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጋ፣» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩ እርግቦች እስከ ዛሬ ሌላ መናፈሻ ነው የሚኖሩት። ኳሷ ወደ ግራ መጥታ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ፋን በሄደበት አልነበረችም፣ በሌለበት ነበረች። አሥራ አንድ ለአንድ። አንዷም እትዬ ፓንግ ስላስነጠሳት የተገኘች ናት። ሕዝቡ ውሉን ረስቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ባቡር ነጂው እንባውን እየጠረገ፣ እንኳን ወደ ቦታህ ተመለስክ፣ አግዳሚው ናፍቆህ ነበር አለው።

ሉዋን ስልኩን እንደያዘ ቀርቦ ነበር። ፋን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ፊቱ ቆመ።

«አማቼ፣ እዚህ መናፈሻ ውስጥ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው አሸንፌ አላውቅም። የዛሬዎቹ ለእርስዎ ሲሉ ነው የተሸነፉልኝ። ጋራዥም አላስተዳድርም፤ ከአውቶቡስ ሥር ነው የምውለው። ልጄ ግን ውሸት አታውቅም። በእናቷ ነው የወጣችው።»

ሉዋን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ከሆዱ ተነፈሰ፤ ጠዋት ከባቡር ሲወርድ ጀምሮ ይዞት የነበረ ትንፋሽ ይመስላል።

«ሚስቴ ከተደዋወልን ጀምሮ እንቅልፍ አልያዛትም፣» አለ። «እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ቢመጣ ምን እናቀርብለታለን እያለች። ሸክላችን እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም።» ስልኩን መልሶ ደወለ። «እናቱ፣ ለልጁ ነገርሽው? ገና ነው? ጎሽ፣ እንዳትነግሪው። አሁን ግቢና ተኚ። እንደኛው ሰዎች ናቸው።»

ፋን አጠገቡ ቁጭ አለ። ላቡ ጀርባው ላይ እየደረቀ፣ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። ሁለቱም ራኬታቸውን ሰልፉ መጨረሻ ላይ አስቀመጡ። ከፊታቸው ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ዘጠኝ ሰው ማለት ሻይ ተጠጥቶ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ የሙሽሪትና የሙሽራው ስም ተነሥቶ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ሰርጉን ለፀደይ ቆረጡት። ተራው ሁለት ጊዜ ደርሷቸው እትዬ ፓንግ ራኬታቸውን ወደ ኋላ መለሰችው፣ ትልቅ ነገር እየተወራ ነው፣ አትረብሿቸው እያለች።

በሦስተኛው ሉዋን ተነሣ። ካፖርቱን አውልቆ ገባና በእትዬ ፓንግ አሥራ አንድ ለሁለት ተሸነፈ። ፊቱ እስከ ጆሮው እየሳቀ ወደ አግዳሚው ተመለሰ፤ ፋንም ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።