የአየነው ጓጉንቸር

የቀበሌያችን ሱቅ ጸሐፊ አየነው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀርፋፋ ነበር። ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን ሁለቱ ያው ናቸው።

ቀኑ የረመዳን ቀን ነው። ሳምቡሳዬን ጠቅልዬ ጨርሻለሁ፤ ፕሪመሴ ግን ጠብታ ነጭ ጋዝ የለውም። ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያው፣ ካልደረስኩ ለደንበኞቼ የማቀርበው ሊጥ ነው። ጄሪካኔን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሰልፉ ልብስ ሰፊው ሳዶ በር ድረስ ተዘርግቷል። ጋዙ ደግሞ ሞልቷል፤ ሁለት በርሜል ሙሉ! ቀጂው ሮብሌ አንዱ በርሜል ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ምን ያስቀምጥሃል አንተ?»

«ሳይጻፍ አይቀዳም፣ ኤዶ።» በሶማልኛ አክስቴ ማለቱ ነው።

እሱስ ልክ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሱቁን ያጠበው ጊዜ፣ ማን ምን እንደወሰደ ከመዝገቡ እያነበቡ ነው ሁሉን መልሰው ያስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ይቀዳል። በዚህ አልጣላም።

ቆሜ አየነውን አየሁት። አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ቁልፍ የሣጥኑን ጓጉንቸር ይከፍታል። መዝገቡን ያወጣል፣ አንድ ሰው ይጽፋል፣ ይመልሰዋል፣ ይቆልፋል፣ ተቆልፎ እንደሆነ ጎትቶ ያያል። ከዚያ ሮብሌ ሲቀዳ ቆሞ ይጠብቃል። «ቀጣይ!» ይላል፤ ደግሞ ቁልፍ። መጻፉ እንኳ ቶሎ ያልቃል። ቀናችንን የሚበላው ጓጉንቸሩ ነው።

ሰዉም ዝም ብሎ አይቆም። አንዱ አንገቱን ያሰግጋል፣ «አየነው፣ ደረሰኝ?» ሌላው ይቀጥላል፣ «እኔስ?» እሱ ለሁሉም ቀና ብሎ «ገና» ይላል፤ ቀና ባለ ቁጥር የቁልፉ ቀዳዳ ይጠፋበታል።

«አየነው! ደረሰኝ ወይ?» አልኩ እኔም፤ ድምፅ አላጣም።

«አዴ ቱሪያ፣ እርስዎ በጮኹ ቁጥር እኮ ነው የምዘገየው!»

ከኋላዬ የቆመችው ኪንሲ ሳቀች። ጾም ባልይዝ አሳያት ነበር።

የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ አላስቻለኝም፤ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ።

«ስማ ልጄ፣ በየሰዉ የምትቆልፈው ለምንድነው?»

«መዝገቡ ላይ ሁለት እጅ እንዳይገባ። የሊቀመንበሩ ትእዛዝ ነው።»

«ይሁን፣ ያንተ እጅ ብቻ ይግባ። ግን አንዴ ከከፈትክ የአምስት ሰው ጻፍ። የተጻፍነው በሁለቱም በርሜል እንቀዳ፤ አንተ እኛን ቆመህ ከምታይ የሚቀጥሉትን አምስት ጻፍ።»

«ተጽፎ ሳይወስድ የሚሄድ ቢኖርስ?»

«ነጭ ጋዝ ትቶ የሚሄድ ሰው ድሬ ላይ ካየህ ጥራኝ፤ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አየነው ሊቀመንበሩ እንዳይመጣ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጎ አየ፣ ላቡን ጠረገ፣ «እሺ፣ ግን እስክጠራችሁ ማንም እንዳይጠይቀኝ!» አለ።

«ወላሂ አፍ የከፈተ ወደ ኋላ ነው!» አለች ኪንሲ፤ ሰዉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሳዶ የስፌት መኪናውን ትቶ ሁለተኛውን በርሜል ያዘ። አምስት ተጻፈ፣ አምስት ተቀዳ። ያ ሁሉ ሰልፍ እንደ በረዶ ሟሟ።

የመግሪብ አዛን ሊል ሲል ፕሪመሴ ይንጫጫል፣ ዘይቴ ይፈላል፣ ሰዉ ከቦኛል። አየነው ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ጾሙ ባይመለከተውም ሳምቡሳዬን ይወዳል። በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«አዴ ቱሪያ፣ ደረሰኝ?» አለ።

«ገና!» አልኩት። ቀና አላልኩም፤ ቀና ካልኩ ሳምቡሳው ያርርብኛል።