አንድ ሽቦ፣ ሁለት በር

እሁድ ረፋድ ነው፣ ቦንቱ ላይ ከውጭ ተቆልፎባታል። እስር ቤት አይደለም እሺ፣ የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ነው። ግን መስኮቱ ፍርግርግ አለው፣ ጥግ ላይ ማዳበሪያ ማዳበሪያ የሚሸት የባዶ ከረጢት ክምር አለ፣ ቁልፉ ደግሞ አክስቷ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ መዘምራን ልምምድ ሄዷል። ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? የሚገርመው ግን ቆልፊብኝ ብላ የለመነችው ራሷ ቦንቱ ናት።

ምክንያቱም በመላው ጊዳ አያና ከተማ ኢንተርኔት ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ቦንቱ የነቀምቴ ልጅ ናት። ለእረፍት አዳዳ ድርቤ ጋ፣ የአባቷ እህት ጋ ማለት ነው፣ ጊዳ አያና መጣች፤ ሁለት ሳምንት ቆይታ ልትመለስ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ትምህርት ተጀመረ፣ ፈተና አለፈ፣ እሷ እዚያው ናት። ቀጥሎ የሞባይል ኔትወርክ ጠፋ። ስልኳ በቃ ሰዓት ማያና የእጅ ባትሪ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ትነሳለች፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ ትሄዳለች፣ ከወፍጮ ቤቱ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ኬላ ነው፣ ኬላው ላይ ሰዎች አሉ፣ ሰዎቹ «ወዴት ነው?» ይላሉ። ወዴትም።

ቢሮው ውስጥ ግን ድሮ የእህል ዋጋ እንዲጠየቅበት ተብሎ የገባ አይኤስዲኤን የሚባል ነገር አለ። ያው የመደበኛ ስልክ ሽቦ ነው፣ ግን በአንዷ ሽቦ ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ አዳዳ ድርቤ «ሁለት በር» ትለዋለች። በአንዱ በር ኢንተርኔት ሲገባ በሌላው በር ስልክ ይደወላል። ሁለቱንም በር ለኢንተርኔት ከያዝሽው ይፈጥናል፤ መፍጠን ሲባል ያው የኤሊ መፍጠን ነው፣ ግን ለጌም ይበቃል። ያን ጊዜ ታዲያ ከውጭ የሚደውል ሰው ሁሉ «ተይዟል» ይባላል። ግድግዳው ላይ አንዲት ነጭ ሳጥን አለች፣ በር በተያዘ ቁጥር አንድ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

ሞባይል ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ያ ስልክ የከተማው ሁሉ ስልክ ሆኗል። ሲጮህ ቢሮ ያለው ሰው ያነሳና የተፈለገውን ሰው ስም በመስኮት ይጣራል። ፊት ለፊት ፀጉር የሚያስተካክለው ዋጋሪ ይቀበላል፣ ከዋጋሪ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ወፍጮ ቤቱ። በኦሮምኛም በአማርኛም ስሙ ሲቀባበል ሄዶ ሰውየውን ካለበት ጎትቶ ያመጣዋል። ከዚያ የስልኩ እጀታ በፍርግርጉ በኩል ይወጣለታል፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ያወራል።

የአዳዳ ድርቤ ውልም ይሄው ነበር። «እሁድ እሁድ ስልክ ትጠብቂልኛለሽ፣ በአንዱ በር ተጫወቺ። ሁለተኛውን ግን እንዳትነኪ።»

«ኤዬ፣ እሺ አዳዳ።»

«ኤዬ ማለትማ ታውቂበታለሽ። የሰው ልጅ ነው በዚያ በር የሚገባው፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ። ማሎ፣ በናትሽ፣ ቆልፊና ሂጂ።»

እና የዛሬው እሁድ እንደ ሌላው እሁድ አይደለም። ቦንቱ ነቀምቴ ጌም ቤት ውስጥ አራት ልጆች ያሉበት የጭነት መኪና ውድድር ቡድን አላት፤ ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ማንም አይቀድማትም ነበር። ዛሬ ያለፈ ቡድን ለፍጻሜው አዳማ ይሄዳል። ከቡድኑ አንድ ሰው መስመሩ ከተቆረጠ ወይም መጨረሻ ከገባ ሁሉም ይወድቃሉ። የቡድኑ አለቃ ነመራ ከጠዋቱ ጀምሮ እየጻፈላት ነው።

«ቦንቱ እውነቱን ንገሪኝ ትችያለሽ? ሊሊሴ እዚህ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብላለች። ካልቻልሽ እሷ ትግባ።»

ወንበርሽ ላይ። ያቺን ቃል ደግማ አነበበቻት። ሊሊሴ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ጎበዝም ናት። ቦንቱ ከዚያ ወንበር ከተነሳች ነቀምቴ ውስጥ እሷን የሚጠብቅ ምንም ነገር አይኖርም። መንገዱ ቢከፈት እንኳ ተመልሳ የምትገባበት ቦታ ይጠፋል።

«እችላለሁ» ብላ ጻፈች። «ከወንበሬ አስነሷት።»

ውድድሩ ሊጀመር ሲል እትዬ ጸሐይወርቅ መጡ። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ አሁን ጌሾ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው በኃይሉ የመኪና ረዳት ነው፤ ሐሙስ ዕለት መንገዱ ለግማሽ ቀን ተከፈተ ሲባል በቆሎ ጭነው ከወጡት ጋር ወጣ፣ ከዚያ መንገዱ መልሶ ተዘጋ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ ብሎ ነበር። እሳቸውም ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው በረንዳው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከመስኮቱ ስር፣ ቁጭ አሉ።

«ደወለ እንዴ የኔ ዓለም?»

«ገና ነው እትዬ።»

«አብሽሪ፣ እጠብቃለሁ። ምን ሥራ አለኝ።»

ውድድሩ ተጀመረ። በአንድ በር፣ በአንድ መብራት። ኧረ እሱስ መኪና አይባልም። የቦንቱ መኪና እንደ ፌንጣ እየዘለለች አንዴ እዚህ አንዴ ዛፍ ውስጥ ትገኛለች፤ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር መኪናዋ የምትሰማት ገደሉ አፍ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዙር መጨረሻ ሆና ጨረሰች።

«ቦንቱ!!» አለ ነመራ። ቀጥሎ፣ «ሊሊሴ ትግባ? እስከ ሁለተኛው ዙር መቀየር ይቻላል።»

ሳጥኗን አየች። አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ጨለማ። እትዬ ጸሐይወርቅን አየች፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ከዋጋሪ ጋር በመንገዱ ማዶና ማዶ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። ለአንድ ዙር ብቻ ነው አለች በሆዷ፣ አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። ሁለተኛውን በር ነካችው።

ሁለተኛው መብራት በራ።

ወይኔ፣ እንዴት እንደሄደች። መኪናዋ መሬት ያዘች፣ መሪው ታዘዘ፣ ዳገቱ ላይ አንድ ሁለት ሦስት መኪና አለፈች። ያ ሁሉ የተዘጋ መንገድ፣ ያ ኬላ፣ ያ «ወዴት ነው» በቃ ጠፋ፤ ፊቷ ያለው ባዶ አስፋልት ብቻ ነው፣ ማንም አያስቆማትም። «እንደሱ ነው እንጂ!» አለ ነመራ። ሁለተኛው ዙር አለቀ። አልለቀቀችውም። ሦስተኛውም አለቀ።

ስልኩ ዝም ብሏል። ሌላ እሁድ እኮ እስኪያደነቁር ነው የሚጮኸው።

ዋጋሪ መቀሱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ከማዶ፣ «አንቺ ቦንቱ፣ ስልኩ ዛሬ ጾም ያዘ እንዴ?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

እትዬ ጸሐይወርቅ ዞር አሉ። «እስቲ አንሺና ስሚው። ድምፅ አለው?»

ቦንቱ በግራ እጇ እጀታውን አነሳች፣ በቀኟ መኪናዋን ይዛለች። ሁለቱም በር ስለተያዘ ስልኩ ድርቅ ብሏል፣ እንደ እንጨት። እትዬ ጸሐይወርቅ በፍርግርጉ መሀል አፏን አፏን ያዩዋታል።

«ደህና ነው» አለች።

«እንግዲያ አልደወለም ማለት ነዋ።»

እጀታውን መለሰችው። ምን ትበል? መነሳት አትችል፣ በሩ ተቆልፏል። ዞር ብላ መቀመጥ አትችል፣ ኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ ነው የዞረው። ፊቷን የምትደብቅበት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንኳ የለም። ብትለቀው ደግሞ ስልኩ ያንኑ ሰከንድ ይጮሃል፣ እትዬ ጸሐይወርቅም ይገባቸዋል። እየቆየች በሄደች ቁጥር መልቀቁ እየከበደ ሄደ፤ ጭቃ የያዘው እግር እንደሚባለው ነው፣ ባንቀሳቀሰችው ቁጥር ይሰምጣል።

«ደህና ቢሆን ይደውል ነበር» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ለማንም ሳይሆን። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይፈትላሉ፣ ይፈቱታል። «እሱ እኮ ቃሉን አያጥፍም። ሰበብ የማያበዛ ልጅ ነው።»

«ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል እማማ» አለ ዋጋሪ።

«ኔትወርክ ያለበት ልድረስ ብሎ ነው የሄደው። አይ፣ አንድ ነገር ሆኗል።» ተነሱ። ጫማቸውን አስተካከሉ። «ኬላ ወርጄ እነዚያን ልጆች ልጠይቃቸው። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው አይጠፋም።»

«ኬላ ብቻዎን? በዚህ ቀን?» አለ ዋጋሪ። «ይቀመጡ እንጂ። ባለፈው የሄዱትን ምን እንዳሏቸው አልሰሙም?»

«እናት ናት ብለው ይተዉኝ። ካልተዉኝም አይተዉኝ።»

ሄዱ። ቦንቱ ከፍርግርጉ ጀርባ ነጭ ነጠላቸው ቁልቁል ሲወርድ ታያለች። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ዙር ጀምሯል፣ እሷ ሁለተኛ ናት፣ ነመራ አንደኛ። ነመራ «አዳማ!!! አዳማ አዳማ» እያለ ይጽፋል፣ እሱ ደግሞ ሲደሰት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ትንሽ ነው የቀረው፣ ዳገቷና አንድ ድልድይ። እትዬ ጸሐይወርቅ ሻይ ቤቱን አለፉ። ከሻይ ቤቱ እስከ ኬላ ደግሞ ምንም ያህል አይደለም፣ ቦንቱ በየቀኑ የምትሄድበት መንገድ ነው፣ ታውቀዋለች።

ለቀቀችው።

አንዱ መብራት ጠፋ። ገና ሳይጠፋ ማለት ይቻላል ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ? ሃሎ? ዩኒየን ነው?» የወጣት ድምፅ ነው፣ ከኋላው ሰው ይንጫጫል። «በናታችሁ እናቴን ጥሩልኝ፣ ጸሐይወርቅን። ስንቴ ሞከርኩ፣ ተይዟል ተይዟል ይለኛል።»

«በኃይሉ? ዝጋና ከአስር ደቂቃ በኋላ ደውል፣ እጠራቸዋለሁ።» እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ሁሌም።

«አይሆንም እህቴ፣ አንገር ጉቲን ነው ያለሁት፣ የሰው ስልክ ነው፣ ሰልፍ አለ። ከዘጋሁ ዛሬ አይደርሰኝም።»

ቦንቱ እጀታውን እንደያዘች ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈች። «እትዬ ጸሐይወርቅ! ቢልቢላ! ስልክ!»

ድምፄ ትልቅ ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ዋጋሪ መቀሱን ጥሎ ወጣ፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠለት ሰውዬም ተከትሎት ወጣ። «ጸሐይወርቅ! ቢልቢላ!» ሻይ ቤቱ ተቀበለ። «እማማ ጸሐይወርቅ! ስልክ! ልጅሽ!» ወፍጮ ቤቱ እሁድ ስለሆነ ዝግ ነው፣ እዚያ ጋ ስሙ የሚወድቅ መሰላት፣ ግን ደጃፉ ላይ በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች አነሱት። ከዚያ ወዲያ አይሰማትም። ስክሪኑ ላይ መኪናዋ መሪ የያዘ ሰው ሳይኖራት ዳገቱን ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ መኪኖች አንድ በአንድ ያልፏታል። ነመራ የሚጽፈውን አላየችም። አይታለች፣ አላነበበችም።

«እየመጡ ነው» አለችው በኃይሉን፤ ይምጡ አይምጡ ሳታውቅ። «አትዝጋ እሺ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። መኪናው ተይዟል፣ እኔ ግን ደህና ነኝ። ስልኩን ግን ማነው ይህን ሁሉ ጊዜ የያዘው?»

ቦንቱ ግንባሯን ፍርግርጉ ላይ አስደግፋ ቁልቁል አየች።

ነጩ ነጠላ በመንገዱ ብቅ አለ፣ እየሮጠ። እትዬ ጸሐይወርቅ በአንድ እግራቸው ጫማ አልነበረም። እጀታውን ከቦንቱ እጅ ነጥቀው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አለከለኩ። ከዚያ «በላህ?» አሉት።

ብዙ አወሩ። መኪናው ስር እንደሚያድር፣ ብርድ እንደሌለው፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማንም እንደማያውቅ። አንድ ጊዜ የሚለውን ሰሙትና ዓይናቸው ወደ ቦንቱ ዞረ፣ እዚያው ቆየ። «እሺ ልጄ» አሉ። «እሺ፣ እጠይቃታለሁ።»

ሲጨርሱ እጀታውን በፍርግርጉ መለሱላት።

«ተይዞ ነበር ይላል።»

«አዎ።»

«አንቺ ነበርሽ የያዝሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«አጠገብሽ ተቀምጬ።»

ቦንቱ እጀታውን ቦታው አስቀመጠች። እትዬ ጸሐይወርቅ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ፤ ኮምፒውተሩን፣ ከረጢቶቹን፣ የተቆለፈውን በር።

«ማነው ከዚያ ወዲያ ያለው? ዘመድ ነው?»

«ጓደኞቼ ናቸው። ነቀምቴ።»

«እነሱም ይጠብቁሽ ነበር?»

«አሁን አይጠብቁኝም።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አጣፉ። አብሽሪም አላሏትም። የወደቀ ጫማቸውን ሊፈልጉ ወደ ሻይ ቤቱ ወረዱ።

ያኔ አነበበችው። ቡድኑ ወድቋል። የነመራ ጽሑፍ መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ «ደህና ነሽ ግን?» ከዚያ ዘግይቶ የመጨረሻው፣ «ልጆቹ ለቀጣዩ ሊሊሴ ትግባ ብለዋል። እኔም ብያለሁ። አትቀየሚኝ ቦንቱ።»

ብዙ ነገር ልትጽፍ ጀመረች። ስለ ሁለቱ በር፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ኬላው። ግማሽ ገጽ ከሞላ በኋላ አጠፋችውና፣ «ወንበሩ መደገፊያው ይወጋል፣ ጨርቅ አድርጉላት» ብላ ላከች። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፣ በአንድ በር ስለሆነ። መድረሱን ካየች በኋላ የቀረውንም መብራት አጠፋችው።

አዳዳ ድርቤ ገና አልመጣችም። ከርቀት የመዘምራኑ ከበሮ ይሰማል፣ ያንኑ መዝሙር ደጋግመው ከመጀመሪያ እየጀመሩ ነው፣ ማለቂያም ያለው አይመስልም። ስልኩ ጮኸ። ቦንቱ አነሳችው፣ ስሙን ሰማች፣ ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ተጣራች።