አራቱ ጅማት

«ጋሼ በዛብህ ሞተች» አለ ጴጥሮስ፣ ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ።

ከለቀስተኞቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ ሌሎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። ወንዱን፣ ያውም አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሴት ማድረግ ምን ይባላል። ወይዘሮ ይመኙሻል ግን ቀና አላሉም። ልጃቸውን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልተረፋቸውም።

ይህን የጪጩ መንደር ገበሬ ያውቁታል። በዛብህ ክራር ካስተማራቸው አንዱ ነው። ቀን ትምህርት ቤት ውሎ ማታ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያስተምር ነበር፤ የነጋዴ ልጅ፣ ቡና ለቃሚ፣ ዓይነ ስውር፣ ዜማ ከነጭራሹ የማይገባው ሳይቀር። «አንተ የመንግሥት መምህር ነህ ወይስ አዝማሪ?» ይሉት ነበር እናቱ። ይስቃል። በዚያ ዝናብ ሊያስተምር በእግሩ ጪጩ ሲወርድ ካቦርቱን ይዘው እስከ ድልድዩ ይከተሉት ነበር። አልለብስም ይላል። በመጨረሻ ሳምባው ወሰደው፤ እሳቸው እንደሚሉት ግን ተማሪዎቹ ናቸው የወሰዱት።

አንድ ቀን፣ የጴጥሮስን አማርኛ ለምን እንደማያርም ጠይቀውት ነበር።

«እማዬ፣ እሱ በኔ ጌዴኦኛ አንድ ቀን ስቆ አያውቅም።»

ከቀብር መልስ፣ ለሐዘኑ ብለው የክራሩን ጅማት ሊያላሉ ከግድግዳው ቢያወርዱት፣ ስድስት የነበረው አራት ሆኖ አገኙት። በጠሱበት ብለው አዲስ ለቅሶ አለቀሱ። እንግዲህ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፣ የማንም ተማሪ እጅ አይነካውም ብለው ቆረጡ። ጎረቤታቸው አሰፋችም አሁን በጆሯቸው፣ ሰውየው ክራሩን ፈልጎ ነው የመጣው፣ ቶሎ ቆልፊው እያለች ነው።

ጴጥሮስ ገብቶ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ። ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ውስጡ ሁለት ጅማት ነበር።

«እማማ፣ ይሄ የክራሩ ናት። ጋሼ ራሷ ፈታችና፣ ‹ጣትህን ማብዛት አልችልም፣ ክራሩን ግን መቀነስ እችላለሁ› አለችኝ። አሁን ትግባ። ሙሉ ሆና ትቀመጥላችሁ።»

ወረቀቱን የያዘበትን ግራ እጁን አዩት። ሁለቱን ጣቶች የቡና መፈልፈያ በልቷቸዋል። በዛብህ አውራ ጣቱን ለሁለት ጅማት፣ የቀሩትን ሁለቱን ለአንድ አንድ ደልድሎለት ነበር።

አሰፋች የሳጥኑን ቁልፍ አቀበለቻቸው። አልተቀበሏትም። ሁለቱን ጅማት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ክራሩን ከአጠገባቸው አንስተው ጴጥሮስ ጉልበት ላይ አኖሩት።

«አርባው ሳይወጣ እንዳትነካካት» አሉት። ድምፃቸው ከሻከረ ሦስት ቀኑ ነው።

ክራሩን አቅፎ ወጣ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሳም ብትላቸው አሰፋች፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ፤ ካቦርቱን ከሚስማሩ አውርደው ተከተሉት።