ያልታወጀ ሕግ

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ መልስልኝ፤ በለቅሶ ቤት ማን በብርጭቆ፣ ማን ደግሞ ተጠጥቶበት በሚጣል የወረቀት ኩባያ ቡና እንደሚጠጣ የሚወስነው የትኛው ሕግ ነው? አንቀጹን ጥቀስ። አትችልም። ቦንጋ ውስጥ፣ በዳኛ ወልደሩፋኤል ግቢ፣ በእድሩ ድንኳን ሥር ተጠጋግተው የተቀመጡት ሰዎችም አይችሉም ነበር። ሕጉን ግን አንድም ሳይቀር ያውቁታል።

“እኔ የምለው፣” አለ ባለሱቁ መሐመድአሚን፣ ፔርሙዝ ይዛ የምትዞረውን አሰለፈችን አስቁሞ። “ይሄን የወረቀት ኩባያ ከኔ ሱቅ ነው የወሰዳችሁት። ለኔ አፉ የተሸረፈ ብርጭቆ፣ በር ላይ ላለችው ልጅ አዲስ ኩባያ! በምን በልጣኝ ነው?”

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ።

“ዝም ብለህ ጠጣ፣ አንተ ሰውዬ። ለጽዳት ነው” አለች አሰለፈች። የእድሩን ማጀት የምትመራው እሷ ናት፤ ማን ምን እንደቀረበለት ከዓይኗ አያመልጥም።

“ለጽዳት ከሆነማ ከኔ ይጀመር። ከሺሺንዳ እዚህ ድረስ ጭቃ ሳቦካ ነው የመጣሁት።”

“የሰው ሐዘን ላይ ነህ እኮ!”

ወልደሩፋኤል ከተቀመጠበት ፍራሽ ቀና አለ። ሴት ልጁን ማዕረግን ከቀበረ ወዲህ የሚነገረውን ሁሉ ሳይሰማ ነበር የሚያሳልፈው። “እግዜር ያጽናህ” ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲነሡ ይነቀንቃል። ይህን ግን ሰማ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕድሜውን በችሎት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ምን እየመሰከረ እንደሆነ የማያውቅ ምስክር አፉን ሲከፍት ጆሮው ይነቃል።

ወደ ውጭው በር ተመለከተ። ከድንኳኑ ሸራ አልፎ፣ እንሰቱ ሥር፣ አንዲት ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከእንሰቱ ቅጠል የሚወርደው የዝናብ ውሃ ትከሻዋን እያራሰው ነው። በቀኝ እጇ የወረቀቱን ኩባያ ይዛለች።

ፍሬ ናት፤ የማዕረግ ጓደኛ። ከደካ ሲመለሱ በተገለበጠው ሚኒባስ ውስጥ ማዕረግ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው።

ፍሬ ማንኪራ አቅራቢያ ከማንጆ ቤተሰብ የተወለደች ናት። በካፋ ይህን ያህል ከተነገረ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ለማያውቅ ግን ልንገረው፤ ማንጆ በጫካው ዳር ዳር የኖሩ፣ ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ዕቃ አልበላም፣ አልጠጣም ሲላቸው ዘመናት ያለፉባቸው ሰዎች ናቸው። “ያ እኮ ድሮ ቀረ” ይሉሃል። ቀረ? ድሮ በቅጠል ይሰጣቸው ነበር፤ ዛሬ በወረቀት ኩባያ። መሠልጠን ማለት ይህ ከሆነ እኔን አያሠልጥነኝ! የወልደሩፋኤል አያት ከሰሜን ለሹመት ሲመጣ ይህን ልማድ ይዞ አልመጣም። እዚሁ አግኝቶ ከመሬቱ ጋር ወሰደው፤ ለልጅ ልጁም ከመሬቱ ጋር አወረሰው።

“እስካሁን አልሄደችም?” አለች አንዲት ሴት ከወልደሩፋኤል ጀርባ።

“ምን ታድርግ፣ አብራት ነበረች።”

“የኛይቱ ሞታ እሷ መትረፏ። የእግዜር ሥራ!”

ወልደሩፋኤል ዓይኑን ጨፈነ። ማዕረግ እራት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታየችው። የሕግ ፍልስፍና ማስተርሷን የጀመረች ሰሞን ነው፤ ሹካዋን እንደ ዐቃቤ ሕግ ጣት ወደ እሱ ቀስራለች።

“አባዬ፣ ዛሬ ጎራህን አገኘሁልህ።”

“እኔ ጎራ የለኝም። ዳኛ ነኝ።”

“እንደዚያ የሚል ሰው ጎራው ከሩቅ ይታወቃል። ስማ። የተፈጥሮ ሕግ ሰዎች፣ ፍትሕ የሌለበት ሕግ ሕግ አይደለም ይላሉ፤ አንተ ትስቅባቸዋለህ። የታሪክ ጎራ የሚባሉት፣ ሕግ እንደ ቋንቋ ከሕዝብ ልማድ ይበቅላል ይላሉ፤ አንተ ልማድን በምስክር ካላስረዱህ አትቀበልም። ሪያሊስቶቹ ደግሞ መጽሐፉን ዝጉና ዳኛው ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ ይላሉ። እነሱን ትፈራቸዋለህ።”

“ለምን እፈራቸዋለሁ?”

“ስለሚያዩህ ነዋ!”

የወርቅውሃ፣ እናቷ፣ ከሳቋ የተነሣ ውሃ ትን አላት። ወልደሩፋኤልም ሳቀ። “የቀረው ጎራ የኔ ነው ማለት ነው።”

“አዎ፤ ፖዚቲቪስት ነህ። ሕግ ማለት ሥልጣን ያለው አካል ያወጣው ነው፤ መልካም ይሁን ክፉ ሌላ ጥያቄ ነው። ንጹሕ ጎራ ነው፣ አልጠላውም። የምጠላው አንተ እንኳ የማታከብረው መሆኑን ነው።”

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ሁለቱም የቱን መዝገብ እንደምታነሣ ያውቁ ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ የማንኪራ ሰው ጠጅ ቤት ገብቶ ብርሌ ተከለከለ። “አንተ ከውጭ ጠብቅ፣ በጣሳህ ይቀዳልሃል” አሉት። ሰውየው ከሰሰ። የለበሰው ኮት የተዋሰው እንደነበር እጅጌው ይናገራል። ወልደሩፋኤል አዳመጠውና የተጣሰው የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ሕገ መንግሥቱ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል ሲል መለሰ። ወልደሩፋኤል፣ ሕገ መንግሥት መተርጎም የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ንጹሕ ውሳኔ መሰለው። ይግባኝም አልቀረበበትም፤ የይግባኝ መንገድ በየት በኩል እንደሚሄድ ለሰውየው የነገረው አልነበረም።

“አንቀጽ የጠየቅኸው ማንን ነው?” አለችው ማዕረግ በዚያ እራት ላይ። “የተከለከለውን! ከልካዩን ለምን አልጠየቅኸውም? ‘ብርሌ የከለከልከው በየትኛው ሕግ ነው?’ ብትለው ምን ይል ነበር? የተጻፈው ሕግ ከድሃው ጋር ነበር። ያልተጻፈው ከጠጅ ቤቱ ጋር። አንተ ያልተጻፈውን አስፈጸምክ። ምነው አባዬ፣ ፖዚቲቪስት እንኳ በሆንክ!”

ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ዝም በይ አላት። እሷ ግን ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። ትምህርቷን ስትጨርስ ከፍሬ ጋር ቤት ተከራየች። ሁለቱ በየገጠሩ እየዞሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ክስ ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን አባቷ፣ “ጓደኛሽን ለምን አታመጫትም?” ሲላት፣ “በምን ታጠጧታላችሁ?” አለችው። ዳግም አልጠየቃትም።

ወልደሩፋኤል ዓይኑን ገለጠና ከፍራሹ ተነሣ። ሐዘንተኛ ሲነሣ ለቀስተኛው ግራ ይገባዋል፤ ግማሹ አብሮት ተነሣ። እጁን እያወዛወዘ አስቀመጣቸው፣ ዝናቡን አቋርጦ ሄዶ ፍሬ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

ፍሬ ልትነሣ ስትል በጉልበቷ ላይ እጁን አሳረፈ።

“ሳትሠቃይ ነው የሞተችው አሉኝ። ወዲያው ነው አሉኝ። ሰው ሐዘንተኛን እንዴት እንደሚያጽናና አውቃለሁ። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ።”

ፍሬ መሬት መሬቱን አየች። “ወዲያው አይደለም፣ ጋሼ።”

“እሺ።”

“መንገዱ ዳር አወጧት። ራሷን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ውሃ አለችኝ። ኮዳዬ ውስጥ እኔ ጠጥቼ የተረፈኝ ትንሽ ነበረች።”

“ጠጣች?”

“ጠጣች። ጠብታ አላስቀረችም።” ኩባያውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። “‘የሴትየዋ ቀጠሮ ሰኞ ነው፣ እንዳትረሺ’ አለችኝ። ደካ ላይ ባሏ ከቤት ያስወጣት ሴትዮ ናት። ‘እንዳትረሺ፣ ዳኛው ከረፈደ አይቀበልም’ አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።”

ልጁ ስትሞት እንኳ ዳኛ ከረፈደ እንደማይቀበል ታውቃለች። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው።

“ተነሺ፣ እንግባ።”

“ይቅር፣ ጋሼ። ሰው ይነሣባችኋል። እትዬ የወርቅውሃ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለዚህ አይደለም የመጣሁት፤ ላለቅሳት ነው። ከዚህም ይለቀሳል።”

ይህን ሲነጋገሩ ተሰማ ዣንጥላ ይዞ ደረሰ። ተሰማ የእድሩ ዳኛ ነው። ከወልደሩፋኤል ጋር አብረው አርጅተዋል፤ የማዕረግን አስከሬን ከፊት ሆኖ የተሸከመውም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል በሆነ!

“ወልዴ፣ ዝናብ ላይ ምን ትሠራለህ? ና ግባ።”

“ከእሷ ጋር እገባለሁ።”

ተሰማ ክንዱን ይዞ ፈቀቅ አደረገው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ዛሬ አይሁን። ሐዘን ላይ ነህ፣ ልብህ ልክ አይደለም።”

“ማን ከለከላት?”

“ማንም አልከለከላትም። ምን አልን? ቡናም ንፍሮም ሰጥተናታል።”

“ካልተከለከለች ትግባ።”

“ከገባች ሰው ይነሣል። እኔ አይደለሁም፤ እኔ ምንም የለብኝም። ሰው ነው እንጂ።”

“ሰው ማን ነው?”

“ወልዴ! ነገ ሠልስት ነው። ከሺሺንዳ፣ ከደካ፣ ከየት ከየቱ ሰው ይመጣል። ሴቶቹ ነገ ድስት አንጥድም ካሉኝ ማን ያበላዋል? የልጅህ ድንኳን ባዶውን ይዋል? የወርቅውሃስ? ለእሷ አታስብም?”

እዚህ ላይ ቆም በልና ይህን ንግግር መርምረው። ማንም አልከለከለም። ማንም አላዘዘም። አውጪ የለው፣ ፈራሚ የለው፣ ቀን የለው። አስፈጻሚ ግን ሞልቶታል፤ ዣንጥላ የያዘ፣ ፔርሙዝ የያዘ፣ “እኔ ምንም የለብኝም” የሚል። በዚህ ምድር እንደዚህ በታማኝነት የሚፈጸም ሌላ ሕግ ካለ አሳየኝ!

ወልደሩፋኤል በዚያች ቅጽበት የተፈጥሮ ሕግ አማኝ ሆነ፣ ሰማይ ተከፈተለት ብዬ አልዋሽህም። እንዲያ ያለ ተረት የሚወድ ሌላ ቤት ይሂድ። እንደነበረ ነው የቀረው፤ ሕግ ከሆነ ያወጣው ይታወቅ፣ በአደባባይ ይነገር የሚል ደረቅ የጽሑፍ ሕግ ሰው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ለተከለከለው ሲያቀርበው ኖሯል፤ አሁን ለከልካዩ ሊያቀርበው ነው። ልጁ እራት ላይ የለመነችው ይህንኑ ነበር። ዘገየ። ከቀብር በኋላ የሚመጣ ፍርድ ለሟች ምን ይረባታል? እሱም ይህን ያውቅ ነበር።

የፍሬን ደኅና እጅ ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ።

ወሬው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሣ፤ ሊሄድ ይሁን ሊያስቀምጠው ለራሱም የገባው አይመስልም። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰበሰቡ። አሰለፈች ፔርሙዙን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ወልደሩፋኤል ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ፍራሹ ድረስ ሄደ።

“የወርቅውሃ፣ ጠጋ በይ።”

የወርቅውሃ አሻቅባ አየችው። ከማልቀስ ብዛት ድምፅ የላትም። “ማን ናት?”

“ፍሬ ናት። መጨረሻ ላይ ውሃ ያጠጣቻት እሷ ናት። ከራሷ ኮዳ።”

“ጠጣችላት?”

“ጠብታ አላስቀረችም።”

የወርቅውሃ ጠጋ አለች። በእሷና በባሏ ቦታ መካከል የተከፈተውን ክፍተት በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። የሥጋ ዘመድ ብቻ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፍሬ በጀሶ የታሰረ እጇን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ባርኔጣውን ደፋና ተነሣ። ከኋላው ሌሎች ሊከተሉት ወንበር አንኳኩ።

“ተቀመጡ!” አለ ወልደሩፋኤል። ድንኳኑ ያልሰማው፣ ፍርድ ቤት የሚያውቀው ድምፅ ነው። እሱ ራሱ አልተቀመጠም። “የሚሄድ ይሄዳል፤ በግድ የሚያለቅስልኝ አልፈልግም። ከመሄዱ በፊት ግን ሕጉን ሰምቶ ይሂድ። አቶ ተሰማ።”

ተሰማ ዣንጥላውን እያጠፈ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወልደሩፋኤል “አቶ” ብሎት አያውቅም። “ምነው፣ ወልዴ?”

“እርስዎ የእድሩ ዳኛ ነዎት። ይህች ልጅ ከእኛ ጋር እንዳትቀመጥ፣ በእኛ ዕቃ እንዳትጠጣ የሚል ሕግ አለ። እኔም ታዝዤለታለሁ፤ በፍርድ ወንበር ላይ ሆኜ ጭምር ታዝዤለታለሁ። አውጪውን ግን አላውቀውም። እርስዎ ያውጁልኝ። ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣው፣ ቃሉ ምን እንደሚል እዚህ ሕዝብ ፊት በአፍዎ ይናገሩት። ከተናገሩት ሰኞ ፍርድ ቤት ነኝ፤ እርስዎን በስምዎ እከስሳለሁ። መናገር ካቃትዎት ደግሞ ሕግ አይደለም፤ ሰዉም ይቀመጥ።”

ተሰማ ወደ አሰለፈች አየ። አሰለፈች ወደ መሬት አየች። መሐመድአሚን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወው። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሟል፤ አልወጣም፣ አልተመለሰም።

የወርቅውሃ ልብ ግን እዚያ አልነበረም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ የፍሬን አንገትና ትከሻ ከዝናቡ እያደረቀች ነው። በጀሶው ዳር የገባውን ውሃ ሳይቀር፣ እንዳያማት ቀስ እያለች፣ ከትምህርት ቤት በስብሳ የመጣች ልጅ እንደምታደርቅ እናት ትጠርገዋለች።

“አቶ ተሰማ፣” አለ ወልደሩፋኤል፣ ድምፁ አሁን ተሰባብሮ። “ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። ይመልሱ።”